የፖታሲየም ቻናል ሲዘጋ ነርቭ ዝም አይልም፦ የኮን ቀንድ አውጣ መርዝ እንዴት ይሠራል?

ብሩክ_ፊዚዮ

ስለ ኮን ቀንድ አውጣ፣ ስለ መርዛማው የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚባለው «መርዙ የነርቭ ቻናሎችን ይዘጋል፤ ነርቩ ዝም ይላል፤ ዓሣው ሽባ ይሆናል» ነው። የሶዲየም ወይም የካልሲየም ቻናል ሲዘጋ ነገሩ በእርግጥ እንዲያ ነው። የፖታሲየም ቻናል ሲዘጋ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ነርቩ ያብዳል። የዚህ እንስሳ ብልሃት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ እንድንነጋገርበት ፈለግኩ።

ከመሠረቱ ልጀምር። ቻናል ማለት በሴል ሽፋን ላይ ያለ፣ ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች (አዮኖችን) የሚያሳልፍ በር ነው። በሴል ውስጥ ፖታሲየም ብዙ ነው፤ ውጭ ጥቂት። በሰው አካል ውስጡ ወደ 140 ሚሊሞላር፣ ውጭው ከ4 እስከ 5 ገደማ ነው። ሶዲየም በተገላቢጦሽ ውጭ ይበዛል። መልእክት ሲነሣ መጀመሪያ የሶዲየም ቻናሎች ይከፈቱና ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ የሴሉ ውስጥ ለቅጽበት ፖዘቲቭ ይሆናል። ወዲያው የሶዲየም ቻናሎቹ ራሳቸው ይዘጋሉ፤ የፖታሲየም ቻናሎች ደግሞ ተከፍተው ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል። ሴሉ ወደ ዕረፍቱ የሚመለሰው በዚህ ነው። ተመራማሪዎቹ ሆጅኪንና ሀክስሊ በ1952 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱ) በስኩዊድ ነርቭ ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነበር። እንግዲህ ፖታሲየሙ መውጫ ቢያጣስ? የኤሌክትሪክ ምቱ ይረዝማል፤ ሴሉ ለመርጋት ይዘገያል፤ ከዚህ በፊት ለመቀስቀስ የማይበቃው ትንሽ ነገር ሁሉ ይቀሰቅሰዋል።

አሁን ወደ እንስሳው። ኮነስ ፐርፑራሰንስ የተባለው የኮን ቀንድ አውጣ ዝርያ በምሥራቃዊ ፓስፊክ፣ ከሜክሲኮ ዳርቻ እስከ ጋላፓጎስ ባለው ውሃ ይኖራል። ምግቡ ዓሣ ነው። ዓሣን ማሳደድ አይችልም፤ ስለዚህ ረጅም ኩምቢውን ቀስ ብሎ ይዘረጋና ጫፉ ላይ ያለውን ክፍት ቱቦ የመሰለ ጥርሱን ይሰካበታል። መርዙ የሚገባው በዚያ ጥርስ ውስጥ ነው። ዓሣው ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ባለው ጊዜ ክንፎቹን ወጥሮ ድርቅ ይላል። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የሚታየው መድረቅ ነው፤ መዝለፍለፉ ቆይቶ ይመጣል።

ሃይንሪሽ ቴርላው፣ ባልዶሜሮ ኦሊቬራና ባልደረቦቻቸው በ1996 ኔቸር መጽሔት ላይ ምክንያቱን አወጡት። መርዙ ውስጥ በሁለት ቡድን የሚሠሩ ቶክሲኖች አሉ። ፈጣኑን ቡድን «የመብረቅ ምት» ብለው ሰይመውታል። በውስጡ ዴልታ ፒቪአይኤ የሶዲየም ቻናሎች ተከፍተው እንዲቆዩ ያደርጋል፤ ካፓ ፒቪአይአይኤ ደግሞ የፖታሲየምን መውጫ ይዘጋል። ሁለተኛው ቡድን ዘገምተኛ ነው፤ ነርቭ ከጡንቻ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሠርቶ ጡንቻውን ያዝለፈልፋል።

ስለ ካፓው አሠራር የምታውቁትን ጨምሩ፤ ጥያቄም ካለ ይምጣ።


መምህር_ታደሰ

ብሩክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የነርቭ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ክፍሉን የሚያነቃው እንዲህ ያለ ታሪክ ነው። አንድ ነገር ግን አልገጠመልኝም። ፖታሲየም ካልወጣ ሴሉ ፖዘቲቭ እንደሆነ ይቀራል ማለት አይደለም ወይ? እንደዚያ ከሆነ የሶዲየም ቻናሎቹም ተዘግተው ይቆያሉና ሁለተኛ ምት አይነሣም። ዞሮ ዞሮ ነርቩ ዝም አለ ማለት ነው። ታዲያ «ያብዳል» ያልከው ከየት መጣ?

ደግሞስ መርዝ በደም ተሰራጭቶ መላውን ዓሣ ለመያዝ 2 ሰከንድ እንዴት ይበቃዋል?


ብሩክ_ፊዚዮ

ጋሽ ታደሰ፣ ሁለቱም ጥያቄዎች የነገሩ እምብርት ናቸው።

ካፓ ፒቪአይአይኤ የፖታሲየም ቻናልን ሁሉ አይዘጋም። የሰው ልጅ ብቻ የፖታሲየም ቻናል የሚሠሩ ከ70 በላይ ጂኖች አሉት። ይህ ቶክሲን የሚይዘው በቮልቴጅ የሚከፈተውን፣ የሼከር ቤተሰብ የሚባለውን ነው። ስሙ የመጣው ከፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ ይህ ጂን የተበላሸባቸው ዝንቦች በኤተር ሲደነዝዙ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ጂኑ ተለይቶ የወጣው በ1987 ነው። የዝንቦቹ መንቀጥቀጥ ራሱ ለእርስዎ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው፤ የፖታሲየም ቻናል የጎደለው ነርቭ ከልክ በላይ ይተኩሳል።

ሌሎች የፖታሲየም መውጫዎች ስላልተነኩ ሴሉ ዘግይቶም ቢሆን ይመለሳል፤ ተመልሶም ወዲያው ይነሣል። መዘግየቱ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ እርስዎ ያሉት ይመጣል፤ የሶዲየም ቻናሎቹ ተዘግተው ይቆያሉ። ቀንድ አውጣው ዴልታውን የጨመረበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ዴልታው የሶዲየም ቻናሉን ራስ በራስ መዘጋት ያዘገያል። አንዱ የመውጫውን፣ ሌላው የመግቢያውን መቆጣጠሪያ ስለያዙ ነርቩ የሚረጋበት መንገድ ይጠፋዋል።

ስለ ፍጥነቱ፦ ፈጣኑ ቡድን በደም መጓዝ አያስፈልገውም። ጥርሱ በተሰካበት አካባቢ ያሉትን ጥቂት ነርቮች ካሳበደ በቂ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሰራጨው ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚያሰራጨውም የዓሣው የራሱ ነርቭ። ሁለተኛው ቡድን ግን በየጡንቻው መገናኛ መድረስ ስላለበት በደም ይጓዛል፤ ጊዜም ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ዓሣው እንዳያመልጥ የሚይዘው የመብረቁ ቡድን ነው። ለእኔ የዚህ መርዝ ትልቁ ብልሃት ይህ የጊዜ አከፋፈል ነው።


ኢዮብ_ኬሚ

ስለ ሞለኪውሉ ልጨምር፤ የሚገርመው ትንሽነቱ ነው። ካፓ ፒቪአይአይኤ 27 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ከነሱ 6ቱ ሲስቲን ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው 3 የዳይሰልፋይድ (የሰልፈር ከሰልፈር) ድልድዮች ይሠራሉ። ሁለቱ ድልድዮች ከዋናው ሰንሰለት ጋር ቀለበት ሲሠሩ ሦስተኛው በቀለበቱ መሐል ያልፋል። እውነተኛ ቋጠሮ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ፔፕታይድ ያለ ቋጠሮ ቅርጹን አይጠብቅም፤ ቅርጹን ካልጠበቀ ደግሞ ቻናሉን አይዝም።

ቻናሉ የተሠራው ከ4 ተመሳሳይ ክፍሎች ነው፤ መሐላቸው ላይ ፖታሲየም የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። የቀዳዳው ጠባቡ ክፍል ማጣሪያው ነው። ሮድሪክ ማኪነን በ1998 የአንድ ባክቴሪያን የፖታሲየም ቻናል ቅርጽ በኤክስሬይ አሳየ፤ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዚህ ሥራ ነው። ማጣሪያው ውስጥ የተደረደሩት ኦክስጅኖች ፖታሲየም በውሃ ውስጥ ሳለ የከበቡትን የውሃ ኦክስጅኖች ቦታ በልክ ይተካሉ። ስለዚህ ፖታሲየም ውሃውን አራግፎ ለማለፍ ብዙ ጉልበት አያወጣም። ሶዲየም ያነሰ ነው፤ ራዲየሱ 0.95 አንግስትሮም ሲሆን የፖታሲየም 1.33 ነው። ትንሽነቱ ግን አይጠቅመውም፤ ከኦክስጅኖቹ ጋር በልክ ስለማይገናኝ ውሃውን ማራገፍ አያዋጣውም። በዚህ የተነሣ ቻናሉ ፖታሲየምን ከሶዲየም ከ1,000 እጥፍ በላይ ይመርጣል፤ ያም ሆኖ በሰከንድ እስከ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ አዮን ማሳለፍ ይችላል።

ቶክሲኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይበዛበታል፤ የቻናሉ የውጭ አፍ ደግሞ ወደ ኔጋቲቭ ያደላል። ስለዚህ ይሳሳባሉ። ከዚያ ወሳኙን ሥራ የሚሠሩት ሁለት አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ 7ኛው ላይሲንና 9ኛው ፌኒልአላኒን። ላይሲኑ ጫፉ ላይ ያለውን ፖዘቲቭ አሚን ወደ ቀዳዳው ይልካል፤ የፖታሲየም አዮን ሊቀመጥበት የሚገባውን ቦታ ይይዛል። ፌኒልአላኒኑ አጠገቡ ቻናሉን ተጠግቶ ያጸናዋል። ከሁለቱ አንዱን በአላኒን ስትተካው የመዝጋት አቅሙ ክፉኛ ይወድቃል። አንድ ሞለኪውል አንድ ቻናል ይበቃዋል። በአጭሩ ውታፍ ነው።


የጅዳዋ_ሰሚራ

ሰላም ወንድሞቼ፣ እህቶቼ። የምሠራበት ቤት ልጆች አርብ አርብ ባሕር ዳር ስንወርድ ዛጎል ይለቅማሉ። ኬሚስትሪውን ሁሉ አልተከተልኩም፤ ግን ደንግጬ ነው የምጽፈው። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ቀይ ባሕር ውስጥ አሉ? ቢወጋ ምን ይደረጋል?


ሊያ_ኤምዲ

እህት ሰሚራ፣ አዎ አሉ። ለሰው እጅግ አደገኛ የሆነው ኮነስ ጂኦግራፈስ፣ ኮነስ ስትራያተስና ኮነስ ቴክስታይል ሦስቱም ቀይ ባሕር ውስጥ ይገኛሉ። ቅርጻቸው ሾጣጣ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሰፊ፣ ሌላው እየጠበበ የሚሄድ፤ ላያቸው የሚያምር ጥለት ያለው። ልጆችን የሚስበውም ይህ ውበታቸው ነው። ቀንድ አውጣው የሞተበት ባዶ ዛጎል አይጎዳም። ውስጡ ሕይወት ያለው ከሆነ ግን በባዶ እጅ አይነካም፤ ኪስ ውስጥም አይገባም። «በሰፊው ጫፍ ከያዙት አይደርስም» የሚባለውን አትመኚው፤ ኩምቢው ይለጠጣል፣ ይታጠፋልም። ልጆቹን «ሾጣጣ ከሆነ አይነካም» ብሎ ማስተማር ይቀላል።

ከወጋ፦ በስም የሚታወቅ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የተወጋው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በሰፊ ፋሻ ጠበቅ አድርጎ ከጣቱ ጀምሮ ወደ ላይ መጠቅለል፣ ልጁን አስተኝቶ ማረጋጋት፣ ወዲያው አምቡላንስ መጥራት። መቁረጥም መምጠጥም አይገባም። የሚገድለው የመተንፈሻ ጡንቻ መድከም ስለሆነ መተንፈስ ካቆመ የአፍ ለአፍ ትንፋሽ እየሰጡ ሆስፒታል ማድረስ ነፍስ ያድናል። መርዙ ከጊዜ በኋላ ይለቃል፤ እስኪለቅ ድረስ መተንፈሻውን የሚተካ ካለ ሰውየው ሊተርፍ ይችላል።

ይህ አደጋ አዲስ ወሬ አይደለም። ሩምፊየስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር ባንዳ ደሴት አንዲት ሴት በዚህ ቀንድ አውጣ ተወግታ መሞቷን ጽፏል፤ መጽሐፉ የታተመው በ1705 ነው።

ለብሩክ ደግሞ፦ ሰውን የሚገድለው በዋናነት ያንተ ፖታሲየም ዘጊ አይደለም፤ ነርቭና ጡንቻ መገናኛ ላይ የሚሠሩት ናቸው። ግን «መዝጋት ነርቭን ያነሣሣል» ያልከውን ሕክምናው በደንብ ይመሰክርልሃል። ኬሲኤንኤ1 የተባለው ጂን፣ የዝንቡ ሼከር የሰው ዘመድ ማለት ነው፣ ሲበላሽ ሰዎች በየጊዜው ሚዛን የመሳት ጥቃት ይደርስባቸዋል፤ ጡንቻቸውም ከቆዳ ሥር ያለማቋረጥ ይርገበገባል። ዳልፋምፕሪዲን የሚባል መድኃኒትም አለ፤ የፖታሲየም ቻናል ይዘጋል፤ በ2010 አሜሪካ ውስጥ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ታማሚዎች መራመድን እንዲያሻሽል ተፈቅዷል። በዚህ በሽታ የነርቩ ሽፋን ሲገፈፍ ተሸፍነው የነበሩ የፖታሲየም ቻናሎች ይጋለጣሉ፤ ፖታሲየም በዚያ ሲሾልክ መልእክቱ መንገድ ላይ ይጠፋል። ቻናሉን ስትዘጋው መልእክቱ ማለፍ ይጀምራል። መጠኑ ሲበዛ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ነው። የምታስረዳው ነገር በታማሚ ላይ እንዲህ ይታያል።


አቤል_ዘአዳማ

ዶክተር ሊያ፣ ከቀንድ አውጣ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ያ ይሄው ካፓ የተባለው ነው? ነርቭን የሚያነሣሣ ከሆነ እንዴት ሕመም ያስታግሳል?


ሊያ_ኤምዲ

አቤል፣ አይደለም። ያ ዚኮኖታይድ ነው፤ የንግድ ስሙ ፕሪያልት። ከሌላ ዝርያ፣ ከኮነስ ማጉስ የመጣ ነው፤ የሚዘጋውም የካልሲየም ቻናል ነው። የሕመም መልእክት ከአንዱ ነርቭ ወደ ሌላው የሚሻገረው ካልሲየም ሲገባ ስለሆነ እሱን ስትዘጋ በእርግጥም ዝምታ ይመጣል። ፔፕታይዱን ያወጣው ማይክል ማክኢንቶሽ ነው፤ በዩታ ዩኒቨርሲቲ በኦሊቬራ ላብራቶሪ ሲሠራ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በታኅሣሥ 2004 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በአፍ አይወሰድም፤ በፓምፕ በቀጥታ ወደ ህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ነው የሚሰጠው። እንደ ሞርፊን ሰውነት እየለመደው መጠን ጨምሩልኝ አያሰኝም፤ ግን ግራ መጋባትና የሌለ ነገር ማየት ሊያመጣ ስለሚችል ለሌላ መድኃኒት እምቢ ላለ ከባድ ሕመም ብቻ ይያዛል።

ሁለቱን ማደባለቅ በጣም የተለመደ ስለሆነ ጥያቄህ ጠቃሚ ነው። «ቀንድ አውጣ ቻናል ይዘጋል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርህም። የትኛውን ቻናል እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው።


ራሄል_ሬሆቮት

ኢዮብ «በአጭሩ ውታፍ ነው» ያልከው ላይ ላቁም። ለካፓ ፒቪአይአይኤ እስማማለሁ። ግን የኮን ቀንድ አውጣ የፖታሲየም ዘጊዎች ሁሉ እንዲህ አይደሉም፤ እኔ በምኖርባት በእስራኤሏ ሬሆቮት ባለው ቫይስማን ተቋም የተሠራ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል።

ከኮነስ ስትራያተስ የሚገኝ ኮንኩኒትዚን-ኤስ1 የሚባል ቶክሲን አለ። 60 አሚኖ አሲድ ነው፤ ከካፓው እጥፍ በላይ። ለረጅም ጊዜ እሱም ቀዳዳውን እንደሚደፍን ይገመት ነበር። በ2019 የኤይታን ረውቨኒ ቡድንና ተባባሪዎቹ የአሜሪካ ሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ላይ ያወጡት ግን ሌላ ነው። ቶክሲኑ ቀዳዳው ላይ አይቀመጥም፤ ዳር ላይ፣ በቻናሉ ጉልላት ጎን ይይዛል። እዚያ ሆኖ የሃይድሮጂን ትስስሮችን መረብ ያናጋል። ያ መረብ ውሃ በማጣሪያው ዙሪያ ወዳሉት ትንንሽ ጉድጓዶች እንዳይገባ የሚቆጣጠር ነበር። ውሃው ያለ ቦታው ሲገባ ማጣሪያው በአንድ ጎን ይደረመሳል። ፖታሲየሙ የሚቆመው ማለፊያው ራሱ ቅርጹን ስለሚያጣ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ይህ መደርመስ ለቻናሉ እንግዳ አለመሆኑ ነው። የፖታሲየም ቻናሎች ለረጅም ጊዜ ተከፍተው ሲቆዩ ማጣሪያቸው በራሱ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ቶክሲኑ የሚያደርገው ይህንኑ ያለ ጊዜው መጥራት ነው።


ኢዮብ_ኬሚ

ራሄል፣ ጥናቱን አውቀዋለሁ፤ ግሩም ሥራ ነው። ሆኖም አንባቢ «ስለ ውታፍ የተባለው ሁሉ ተሻረ» ብሎ እንዳይወስደው ማስረጃውን ላስቀምጥ። በ1999 የዴቪድ ናራንሆ ቡድን ካፓ ፒቪአይአይኤን ከጊንጥ ቶክሲን ጋር አነጻጽሮ ነበር። ቶክሲኑ ከውጭ ይዟል፤ እነሱ ግን ፖታሲየምን ከውስጥ በኩል ጨመሩ። ከውስጥ የመጣው ፖታሲየም ቶክሲኑን እየገፋ አስወጣው። ቶክሲኑ ቀዳዳው መስመር ላይ ባይቀመጥ ኖሮ በሽፋኑ ማዶ ያለ አዮን ሊደርስበት አይችልም ነበር። ቀደም ሲል በካሪብዶቶክሲን ላይም ማኪነንና ክሪስቶፈር ሚለር በ1988 ይህንኑ አሳይተዋል። ካሪብዶቶክሲን የሚገኘው ከሌዩሩስ ጊንጥ ነው። በ2013 ደግሞ የማኪነን ላብራቶሪ ካሪብዶቶክሲን ከቻናል ጋር ተያይዞ ያለበትን ክሪስታል አሳየ፤ የጊንጡ ላይሲን በእርግጥ ማጣሪያው አፍ ላይ ተቀምጦ ይታያል።


ራሄል_ሬሆቮት

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የእኔ ነጥብ ሦስት መንገዶች አሉ ነው። አንደኛው መደፈን፣ ፒቪአይአይኤና ካሪብዶቶክሲን እንደሚያደርጉት። ሁለተኛው በቮልቴጅ የሚንቀሳቀሰውን የቻናሉን ክፍል ይዞ እንዳይከፈት ማድረግ፤ ይህን ከታራንቱላ ሸረሪት የሚገኘው ሃናቶክሲን ያደርጋል። ሦስተኛው ማጣሪያውን መደርመስ። ሦስቱም በላብራቶሪ ግራፍ ላይ «ጅረቱ (የአዮኖቹ ፍሰት) ቀነሰ» ብለው ነው የሚታዩት። መድኃኒት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ መያዣ ቦታዎች ናቸው። ቀዳዳው በፖታሲየም ቻናሎች ሁሉ በጣም ይመሳሰላል፤ አንዱን ብቻ መርጦ መዝጋት ያስቸግራል። ዳር ዳሩ ግን ከቻናል ቻናል ይለያያል። ለዚህ ነው ሦስተኛው መንገድ ልቤን የሳበው።


መምህር_ታደሰ

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ታወሰኝ። ማምባ እባብም የፖታሲየም ቻናል ይዘጋል ይባላል፤ ጥቁር ማምባ ደግሞ እኛም አገር አለ። ጊንጥ፣ እባብ፣ ቀንድ አውጣ። እነዚህ እንስሳት በዘር እጅግ የተራራቁ ናቸው። አንድ ዓይነት መርዝ እንዴት ሊኖራቸው ቻለ?


ብሩክ_ፊዚዮ

ጋሽ ታደሰ፣ መልሱ «ሁለቱም ተከስቷል» የሚል ነው።

የማምባው ዴንድሮቶክሲን ይባላል። እሱና የራሄል ኮንኩኒትዚን አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው፤ ኩኒትዝ የሚባለውን። ይህ ቅርጽ ጥንታዊ ነው፤ በመርዝ ብቻ አይገኝም፣ በላም ቆሽት ውስጥ ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይሞችን የሚገታ ፕሮቲንም ይህ ቅርጽ አለው። እባቡም ቀንድ አውጣውም ቤት ውስጥ የነበረውን ፕሮቲን ለየብቻ ወደ መርዝ ለውጠውታል ማለት ነው። ቀንድ አውጣው እንዲያውም አንድ ነገር ትቷል፤ የተለመደው ኩኒትዝ 3 የዳይሰልፋይድ ድልድይ ሲኖረው ኮንኩኒትዚን-ኤስ1 በ2 ብቻ ቆሟል።

የኢዮብ ፒቪአይአይኤና የጊንጡ ቶክሲን ግን በቅርጽም አይመሳሰሉም። አጥንታቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። የሚመሳሰለው የሥራ ጫፉ ነው፤ ወደ ቀዳዳው የሚገባ አንድ ላይሲን፣ አጠገቡ ቀለበት ያለው አሚኖ አሲድ። ካሪብያን ባሕር የሚኖረው የባሕር አበባ የሚመስል እንስሳ፣ አኒሞኒ፣ ሼኬ የሚባል ቶክሲን አለው፤ እሱም ላይሲንና ታይሮሲን ጥንድ አድርጎ ይጠቀማል። ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ወደ አንድ መፍትሔ የደረሱት የሚዘጉት ቻናል አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። የፖታሲየም ማጣሪያ በዝግመተ ለውጥ ብዙም አልተቀየረም፤ ከባክቴሪያ እስከ ሰው ድረስ ያው ነው። ፖታሲየምን መስሎ መግባት የሚችል ፖዘቲቭ ጫፍ ያለው ነገር ሁሉ ይዘጋዋል።

ግን ደንብ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ከኮነስ ራዲያተስ የሚገኘው ካፓኤም-አርአይአይአይኬ 24 አሚኖ አሲድ ነው፤ የሼከርን ቻናል ይዘጋል፤ ኬቪ1.2 የሚባለውን የሰው ቻናል ጭምር። ያ የላይሲንና የቀለበት ጥንድ ግን የለውም። በሌላ ዘዴ ነው የሚይዘው።


አቤል_ዘአዳማ

እሺ፣ ከፖታሲየም ዘጊዎቹ መድኃኒት የሚሆን አለ ወይስ ዕውቀት ብቻ ነው?


ሊያ_ኤምዲ

እስካሁን ከኮን ቀንድ አውጣ የፖታሲየም ዘጊዎች ለታማሚ የተፈቀደ የለም። ተስፋ የሚሰጡ ግን አሉ፤ ሁለቱን ልንገርህ።

አንደኛው ልብ ላይ ነው። ካፓ ፒቪአይአይኤ የልብ ደም ሥር ተዘግቶ ሲከፈት የሚሞተውን የጡንቻ መጠን በጥንቸል፣ በአይጥና በውሻ ላይ ቀንሶ ታይቷል። ሁለተኛው ስኳር ላይ ነው። በ2012 የወጣ ጥናት ኮንኩኒትዚን-ኤስ1 በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሴሎች ቻናል፣ ኬቪ1.7ን፣ ዘግቶ የኢንሱሊን ምንጨታን እንደሚጨምር በአይጥ አሳይቷል። ደስ የሚለው የሚጨምረው ግሉኮስ ከፍ ሲል መሆኑ ነው። አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶች ስኳሩ ዝቅ ብሎም እያለ ኢንሱሊን ስለሚያስወጡ ታማሚው ራሱን ይስታል፤ በየተረኛነቴ የማየው ነው። ግሉኮስ ካልጨመረ የማይሠራ ነገር ማግኘት ትልቅ ጉዳይ ነው።

የምክንያቱ ሰንሰለትም ከብሩክ ጋር ይገጥማል። የኢንሱሊን ሴልም እንደ ነርቭ በኤሌክትሪክ ይመታል። ፖታሲየም ሲታገድ ምቱ ይረዝማል፤ ካልሲየም በብዛት ይገባል፤ ኢንሱሊን ይለቀቃል።

ኮነስ ጂኦግራፈስ ደግሞ ከዚህ አልፎ ራሱ ኢንሱሊን ይሠራል፤ የዓሣ ኢንሱሊን የሚመስል። ይህ የታወቀው በ2015 ነው። ዓሣው ስኳሩ ወርዶ ሲደነዝዝ ቀንድ አውጣው በሰፊ አፉ ይውጠዋል።


መምህር_ታደሰ

ለተማሪዎቼ የማሳይበት አንድ ሙከራ ንገሩኝ። አንድ ቶክሲን ይደፍናል ወይስ ይደረምሳል የሚለውን ላብራቶሪ ውስጥ እንዴት ይለዩታል? በሰሌዳ ላይ ልሥለው እፈልጋለሁ።


ኢዮብ_ኬሚ

መምህር፣ እንዲህ ይሣሉት። የአፍሪካ ጥፍራም እንቁራሪት፣ ዜኖፐስ፣ እንቁላል ይወሰዳል፤ በዓይን የሚታይ፣ ወደ 1 ሚሊሜትር የሚሆን ሴል ነው። የቻናሉ የአር ኤን ኤ መልእክት ይወጋበታል፤ በቀናት ውስጥ እንቁላሉ ቻናሉን ሠርቶ ሽፋኑ ላይ ያወጣል። ሁለት ኤሌክትሮዶች ይገቡና ቮልቴጁን ይዘው ጅረቱን ይለካሉ። ከዚያ ቶክሲኑ በውጭ ይፈስሳል፤ ጅረቱ ይወርዳል። እስከዚህ ሁሉም ቶክሲን አንድ ነው።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። በሙከራው የሽፋኑን ውስጣዊ ቮልቴጅ ይበልጥ ፖዘቲቭ ያድርጉት፤ ፖታሲየም ከውስጥ ወደ ቀዳዳው በርትቶ ይገፋል። የሚደፍን ቶክሲን በዚህ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይለቃል። ውስጡን ፖታሲየም በሌላ፣ በማያልፍ አዮን ቢተኩት ደግሞ ግፊቱ ስለሚጠፋ ቶክሲኑ ተጣብቆ ይቆያል። ከዚያ 7ኛውን ላይሲን በገለልተኛ አሚኖ አሲድ የተካ ቶክሲን ያፍስሱ፤ የተቀነሰው ጅረት ብዙውን ይመለሳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ላይሲኑ ማጣሪያው ደጃፍ መቀመጡን ያሳያሉ።

ለሚደረምሰው ግን ጥያቄው የሚሄደው ወደ ቶክሲኑ ሳይሆን ወደ ቻናሉ ነው። ማጣሪያው በራሱ የሚዘጋበትን አዝማሚያ የሚያጠነክሩና የሚያደክሙ የቻናል ለውጦች ይታወቃሉ። ቶክሲኑ የሚሠራው በዚያ አዝማሚያ ከሆነ እነዚህ ለውጦች ጉልበቱን መቀየር አለባቸው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቻናል ጎን ለጎን ይሣሉ፤ በአንዱ ላይሲኑ ቀዳዳው ውስጥ፣ በሌላው ቶክሲኑ ዳር ላይ ሆኖ የማጣሪያው አንድ ግድግዳ ወደ ውስጥ የታጠፈ። የፖታሲየም አዮኖቹን ከታች ሲያክሉ ተማሪዎቹ በየትኛው እንደሚገፋ ራሳቸው ይናገራሉ።